ለባልደረባዬ ትቻለሁ

ጥቅምት ፬ ቀን

ይድረስ ከሩቅ ተቀምጣ የእኛን ቤት ለምትጠግን ለእኅቴ ልጅ፤

በቅድሚያ ጤናሽን፣ ቀጥሎ ሥራሽን፣ ከዚያም እናትሽን እጠይቃለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ደረጃ ሲያይ እንጂ ሌላ ጊዜ አያማርርም። ይህን ደብዳቤ በእጄ ጽፌዋለሁ። ጸሐፊያችን በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች፤ በግራ በኩል የሚታየው ወፍራም ነገር አውራ ጣቷ ስለ ሆነ ከጽሑፉ ጋር አታንብቢው።

ጥያቄዎችሽን በተራ ልመልስ። የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንዳለ ጠይቀሻል። በሁላችንም እጅ ነው። ግድግዳው ላይ ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ ተለጥፏል፤ እንግዳ ሲመጣ ካፖርት እንሰቅልበታለን።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ግን አሳዝኖኛል። «ለባልደረባዬ ትቻለሁ የሚለው ቁልፍ ምን ያደርጋል? ልተወው ወይስ ወደ አዲሱ ላዛውረው?» ብለሻል። ልጄ፣ ሰው ቤት ሲቀይር የአባቱን ፎቶግራፍ «ልተወው ወይስ ልያዘው?» ይላልን?

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። መጽሔታችን ወረቀትን ተሰናብቶ ወደ ድረ ገጽ ከገባ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። በየሳምንቱ አንድ ጽሑፍ እናወጣለን። እኛም ሦስት ነን፤ እኔ ዋና አዘጋጁ፣ አርባ ዓመት አብሮኝ የሠራው ምክትሌ፣ ከሁለታችንም በዕድሜ የሚበልጡት አራሚያችን እትዬ። ሦስታችንም አንድን ጽሑፍ አንብበን ከወደድነው በኋላ የሚቀረው «ይውጣ» የሚለውን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። እንግዲህ ምክትሌ እያለ እኔ ብጫን ዋናነቴን በፊቱ ማውለብለብ ይሆንብኛል። እሱም እኔ እያለሁ ቢጫን ድፍረት ይመስለዋል። እትዬ ደግሞ «እኔ የማዘው ነጠላ ሰረዝን ነው፤ ሰው አላዝም» ይላሉ። ስለዚህ ድረ ገጹን የሠራልን ባለሙያ፣ ከኪሱ ሽቦ ስለማይጠፋ «ሽቦው» የምንለው፣ ከ«ይውጣ» ጎን «ለባልደረባዬ ትቻለሁ» የሚል ቁልፍ አኖረልን። አንዳችን እሱን ስንጫን ጽሑፉ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። እንዲህ ስንከባበር እንሰነብትና ሐሙስ ጠዋት ጽሑፉን ወጥቶ እናገኘዋለን። አንድም ሐሙስ ጎድሎ አያውቅም። ማን እንደ ተጫነው አንጠያየቅም።

ቤተ መጻሕፍቱ የላከውን ማስታወቂያ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ መሥሪያ ቤትሽ ነው። በሥሩ ያሉት ድረ ገጾች ሁሉ ወደ አንድ አዲስ የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ይገባሉ፤ እስከ ኅዳር ሠላሳ በአዲሱ ቤት አንድ ጽሑፍ ያላወጣ ይቆለፋል፤ የቆየው ይነበባል እንጂ አዲስ አይጨመርበትም ይላል። በጨዋ አነጋገር «ሐውልታችሁን እናጸዳላችኋለን» ማለት ነው። እንዲህ እንዳይሆን በአንቺ ተማምኛለሁ። ያ ቁልፍ ካልተዛወረ ግን እኔም አልዛወርም።

ሌላው፣ አዲሱን ሥርዓት ለሙከራ ብከፍተው «ግባ» አለኝ። እኔን! በሰባ አራት ዓመቴ! አልገባሁም።

አጎትሽ

ጥቅምት 19

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ? እኔም እናቴም ደህና ነን። እናቴ ደብዳቤዎን ጮክ ብላ አንብባ «ወንድሜ ዱሮም እንዲሁ ነው፤ የሰው ቤት ሄዶ ደወል አይደውልም፣ ሰው እስኪወጣ በሩ ላይ ይቆማል» ብላለች። እንዳልነግርዎ አስምላኛለች።

«ግባ» ስላለዎት በጣም ይቅርታ። አሁን «ይግቡ» እንዲል አድርጌዋለሁ። ችግሩ ለሁሉም ሰው ነው «ይግቡ» የሚለው። አለቃዬ ትናንት ጠዋት ከፍቶት «ምነው ዛሬ አከበረኝ? ልባረር ነው እንዴ?» አለ።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ ዐሥራ አንዱም ዓመት ጽሑፍ ሳይጎድል ገብቷል። አይ፣ የአንባቢዎች አስተያየት አልጠፋም፤ እርስዎ እንዲጠፋ የፈለጉትም ጭምር አለ። ቁልፍዎም ተዛውሯል፤ እንዲያውም የቆየውን ፕሮግራም ሙሉ ክፍል አንሥቼ ነው አዲሱ ውስጥ የተከልኩት። ቀላል አልነበረም ጋሼ። የሽቦው ፕሮግራም ውስጥ መግባት መብራት የሌለው ጓዳ ውስጥ እንደ መግባት ነው፤ እግሬን ባነሣሁ ቁጥር የሆነ ነገር ይንኳኳል። ለምን እንዳለ የማይታወቅ ብዙ ነገር አግኝቼ አጽድቻለሁ፤ ቆጠራ የሚሳሳትበትንም ቦታ አስተካክያለሁ። አሁን እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው።

አንድ ስጦታም አለኝ። በቆየው ድረ ገጽ ጽሑፉን ማን እንዳወጣው አይታይም ነበር። በአዲሱ ግን ከጽሑፉ በታች «ያወጣው፦» ብሎ የሰውየውን ማዕረግ በጉልህ ይጽፋል። ደስ አይልም? እስከ ዛሬ ሥራችሁን ማንም ሳያውቅላችሁ ኖራችኋል።

ጉልበትዎን ሙቅ ውሃ ይያዙበት።

የእኅትዎ ልጅ

ኅዳር ፭ ቀን

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ፤

አዲሱ ቤታችን ተመረቀ፤ እጅሽ ይባረክ። ጸሐፊያችን ብስኩት አመጣች፣ ምክትሌ ንግግር አደረገ፤ ንግግሩ ከብስኩቱ ተርፎ ቀረ። ከበታቻችን ያለው ጎማ ጠጋኝ ለክብራችን ሲል የነፋስ መሙያውን ለጥቂት ጊዜ አጥፍቶልን ነበር፤ ምክትሌ ሁለተኛውን ገጽ ሲገልጥ ግን ተስፋ ቆርጦ መልሶ አስነሣው።

ሰሞኑን በጸሐፊያችን ስልክ በላክሽው አጭር መልእክት ስለ ቀለሙ ጠይቀሻል። አረንጓዴው መልካም ነው። ስለ ፊደሉ መጠን ጠይቀሻል። እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው አንብበውታል፤ ይህ ከሳቸው ዘንድ ትልቅ ምስጋና ነው።

«ታዲያ ለምን እስካሁን ምንም አልወጣም?» ላልሽው፣ አትቸኩዪ። ጽሑፍ አለን። መድኃኒት ቤት የምትሠራ አንዲት አንባቢያችን የላከችው አጭር ልቦለድ ነው። ይህች ሴት ለዓመታት ስትልክልን ለዓመታት ስንመልስባት ኖረናል፤ ይህኛው ግን ሦስታችንንም አስለቀሰን፤ ምክትሌ ጉንፋን ነው ቢልም። አንብበነዋል፣ አርመነዋል፣ ወደነዋል። የቀረው መውጣቱ ነው፤ ያ ደግሞ እንደ ሕፃን ጥርስ የራሱ ጊዜ አለው።

«ያወጣው» ብሎ ስም የሚጽፈው መስመር ከደግ ልብ የመጣ ሐሳብ ነው። ደግ ሐሳብ ሁሉ ግን በበር አያልፍም። ስለዚህ በሌላ ጊዜ እንጨዋወታለን።

ስለ ምክትሌ ጤና ጠይቀሻል። ደህና ነው።

አጎትሽ

ኅዳር 12

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስለ ምክትልዎ «ደህና ነው» ብለው በሁለት ቃል ስላለፉት እኔም እናቴም ሥጋት ገብቶናል። እርስዎ ስለ አንድ ሰው በሁለት ቃል ብቻ ጽፈው አያውቁም።

በድፍረት አይቁጠሩብኝና፣ የአዲሱን ሥርዓት እንቅስቃሴ አየሁት። ያ የመድኃኒት ቤቷ ሴት ልቦለድ ከእርስዎ ወደ ምክትልዎ፣ ከምክትልዎ ወደ እትዬ፣ ከእትዬ ተመልሶ ወደ እርስዎ ሲዞር ከመቶ ጊዜ በላይ ሆኖታል። «ለባልደረባዬ ትቻለሁ» ያልተጫነ ሰው የለም። «ይውጣ»ን የተጫነ ግን አንድም የለም። በሩ ላይ ቆሞ «ይቅደሙ፣ ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባል ብርድ የመታው እንግዳ ነው የመሰለኝ።

ቁልፉ ተበላሽቶ እንዳይሆን ብዬ ፈትሼዋለሁ። ደህና ነው። ሰው ብቻ ነው የሚጠብቀው።

አለቃዬ ትናንት ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፎ «ያ የአጎትሽ መጽሔት እየኖረ ነው ወይስ እየሞተ?» አለኝ።

«እየተከባበረ ነው» አልኩት።

«እስከ ኅዳር ሠላሳ ተከባብሮ ይጨርሳል?»

ምን ልመልስለት ጋሼ? ቀኑን እንዲያራዝም ለምኜው ነበር፤ «ላንቺ አጎት ባራዝም ነገ የሁሉም አጎት ይመጣል» ብሎኛል።

የእኅትዎ ልጅ

ኅዳር ፲፮ ቀን

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ፤

አልተጣላንም። ተኳርፈናል ማለትም አይቻልም። ሻይ ለየብቻችን እንጠጣለን፤ ከዚህ ያለፈ የለም።

አንቺ ፈትሸሽ ደህና ነው ብትዪም፣ አዲሱ ሥርዓት አንድ ነገር እንዳበላሸ እርግጠኛ ነኝ። ያበላሸው ግን ቁልፉን ላይሆን ይችላል። ለማንም ያልነገርሁትን ላንቺ ልጻፍ። በዐሥራ አንዱ ዓመት ሁሉ በመጨረሻ የሚሸነፍልኝ ምክትሌ እንደ ነበር አውቃለሁ። በዓይኔ አላየሁትም፤ የሚሸነፍን ሰው ማየትም ነውር ነው። ነገር ግን ረቡዕ ማታ «ለባልደረባዬ ትቻለሁ» ብዬ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ «ይኸው ዛሬም ለኔ ሲል ይጫናታል» እያልሁ ነበር የምሄደው። ለዚህ ደግነቱ ብዬ የመስኮቱን ወንበር ለቅቄለታለሁ። ለዚህ ደግነቱ ብዬ በየስብሰባው የሚደጋግማትን የመርከበኛውን ቀልድ እንደ አዲስ እስቅለታለሁ። ልጄ፣ ያቺ ቀልድ መጀመሪያም አታስቅም ነበር።

አሁን ግን ልቡ ደንድኗል። ወደ አዲሱ ቤት ስንገባ ስለ ቀለሙ ስላላማከርሁት ነው እላለሁ። ትናንት ጠዋት ደረጃ ላይ ተገናኘን።

«እንዴት አደርክ?» አልሁት።

«እንዳደርኩት» አለኝ።

አርባ ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው እንዲህ ይመልሳል? እኔም በበኩሌ የመርከበኛውን ቀልድ ሲያወራ ሳቄን ነፈግሁት። ቀልዱ ባዶ ክፍል ውስጥ እንደ ወደቀ ሳንቲም ሲንከባለል ቆይቶ ዝም አለ። እትዬ ብቻ «ምነው ዛሬ አልሳቅህም፣ ታመሃል እንዴ?» አሉኝ።

አንቺ «እርስዎ ራስዎ ቢጫኑትስ?» ማለትሽ አይቀርም። ከበታቹ «ያወጣው፦ ዋና አዘጋጅ» ተብሎ በጉልህ ሊጻፍ? በዚህ ቅያሜ መካከል? ይህማ ጦርነት ማወጅ ነው። መጽሔቱ ይዘጋብኛል ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ምክትሌን አዋርጄ ካዳንሁት ደግሞ ምኑን አዳንሁት?

የምታውቀው ሰይጣን ከማታውቀው መልአክ ይሻላል ይባል ነበር። የቆየውን ሰይጣናችንን መልሺልን።

አጎትሽ

ኅዳር 22

ለተከበሩና ለምወድዎ አጎቴ፤

ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? እንቅልፍዎስ? ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? ጎማ ጠጋኙስ ደህና ነው? ጸሐፊዋስ? እናቴ በጣም ሰላም ብላለች። እዚህም ብርድ ነው። ትናንት ዘንቦ ነበር። ዛሬ ደግሞ አባርቷል።

ጋሼ፣ ይቅርታ፤ ሰላምታውን ያረዘምኩት ነገሩን መጀመር አቅቶኝ ነው።

የቆየውን ፕሮግራም እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንደሚባለው፣ መጨረሻው ላይ አገኘሁት። ያስተካከልኩት የቆጠራ ስህተት ትዝ ይልዎታል? ስህተቱ እንዲህ ነበር። ሦስት ሰዎች አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ለባልደረባ ሲያሳልፉት ፕሮግራሙ ቆጠራው ይምታታበታል። ሲምታታበት ደግሞ «ሁሉም ተስማምተዋል» ብሎ ያስብና ጽሑፉን ራሱ ያወጣዋል።

ምክትልዎ አልተጫኑም፣ ጋሼ። እትዬም አልተጫኑም። እርስዎም አልተጫኑም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ሰው ተጭኖ አያውቅም። መጽሔቱን ሲያወጣ የኖረው ስህተቱ ነው። እኔ ደግሞ ጎበዝ ነኝ ብዬ አስተካከልኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ምናልባት ሽቦው ሆን ብሎ አድርጎት ይሆናል ብዬ ፈልጌ አገኘሁት። አሁን ንብ አናቢ ሆኗል። ስልኩን ሲያነሣ የሆነ ነገር ጥዝ ይላል፣ ንቦቹ ይሁኑ መስመሩ አላውቅም።

«ያቺ ቆጠራ?» አለኝ። «የትኛዋ ቆጠራ?»

ነገርኩት።

«ኧረ! እንደዚያ ያደርግ ነበር እንዴ? እና እስከ ዛሬ በዚያ ነው የሚወጣው? በይ ለማንም አትንገሪብኝ!» ብሎ ዘጋው።

ስህተቱን ልመልሰው ብዬ አለቃዬን ጠየቅሁ። «ስሚ» አለኝ፣ «ያላየሽውን ስህተት ብታዛውሪ ሰው ነሽ ብዬ አልፍሽ ነበር። አይተሽ፣ ጠግነሽ፣ ስታበቂ መልሰሽ ስበሪው የሚል ደንብ ግን የለኝም።» እኔ በእናንተ ፈንታ እንዳልጫን ደግሞ የመጽሔቱ አዘጋጅ አይደለሁም፤ ሥርዓቱ አይፈቅድልኝም፤ ቢፈቅድልኝም አልደፍርም።

ስለዚህ ከሦስታችሁ አንዱ መጫን አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ። ስምንት ቀን ቀርቷል።

ያስቀየምኩዎት የእኅትዎ ልጅ

ኅዳር ፳፱ ቀን

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ፤

አልተቀየምሁም። መልስ ያዘገየሁት ደብዳቤሽን ሦስት ቀን ስላላመንሁትና አራተኛውን ቀን ስለ ተኛሁ ነው። በሽታ አይደለም፤ እናትሽ እንዳትመጣ።

በወንበርም በሳቅም የከፈልሁት ሁሉ ለአንድ የተሳሳተ ቆጠራ ኖሯል። ይህን ብቻዬን ልሸከመው አልቻልሁምና ትናንት ሁለቱን ጠርቼ ነገርኋቸው። ጸሐፊያችን በር ዘጋች፤ ራሷ ግን ከውስጥ ነው የቀረችው።

ምክትሌ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። ከዚያ፣

«አንተ አልነበርክም?» አለኝ።

«እኔ? አንተ ነህ እንጂ!»

«እኔማ አንተ ለኔ ስትል የምትጫነው መስሎኝ ዐሥራ አንድ ዓመት ሳመሰግንህ ኖርኩ!»

«መች አመሰገንከኝ?»

«በልቤ!»

«በልብህ ያለውን እኔ በምን ልወቅ?»

«የግጥሞችህን መድበል አራት ቅጂ የገዛሁት ለምን ይመስልሃል? አንብቤያቸው?»

ልጄ፣ ይህ ቃል ትንሽ ወጋኝ። «እኔስ ያንን መርከበኛህን» አልሁት፣ «በዓመት አርባ ጊዜ ስስቅለት የኖርኩት ለምን ይመስልሃል?»

ፊቱ ነጣ። «አያስቅም?»

እትዬ ሁለታችንንም በመነጽራቸው አናት ላይ ሲመለከቱ ቆይተው፣ «እናንተ ሰዎች» አሉ፣ «እኔ ደግሞ ሁለታችሁ ተጠራርታችሁ አብራችሁ የምትጫኑት መስሎኝ፣ በየሐሙሱ እንዴት ያሉ ተስማምተው የሚኖሩ ናቸው እያልኩ ለሰፈሩ ሁሉ ሳወራ ኖርኩ። ጎረቤቴ ባሏን በእናንተ ነው የምትመክረው።» ይህን ብለው መሣቅ ጀመሩ። ጸሐፊያችን ውሃ አመጣች። ከዚያ እኔም ሣቅሁ። ምክትሌም ሣቀ፤ ጉንፋኑ ተነሣበት መሰለኝ ዓይኑን ጠራረገ።

ቅያሜው በዚያው አለቀ። የባሰው ግን ከዚያ በኋላ መጣ። ታርቀናላ! የታረቀ ሰው ደግሞ ከተጣላው ይልቅ ይከባበራል።

«እንግዲያው አሁን ተጫናት» አልሁት።

«ታላቄ እያለህ?»

«በስምንት ወር ነው የምበልጥህ።»

«ስምንት ወር ቀላል ነው? ልጅ ይወለድበታል። እትዬ ይጫኑ፣ የሁላችን ታላቅ እሳቸው ናቸው።»

«እኔን ከዚህ ነገር አውጡኝ» አሉ እትዬ። «ሁለት ወንድ ተቀምጦ እኔ ስሜን ላስጽፍ?»

እስከ ማታ እንዲህ ስንባባል ዋልን። ጎማ ጠጋኙ ሱቁን ዘጋ። እኛም ተቃቅፈን ተለያየን። ነገ ኅዳር ሠላሳ ነው፤ በሩ ማታ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይቆለፋል። ለመድኃኒት ቤቷ ሴት የይቅርታ ደብዳቤ ጀምሬ «ልቦለድዎን ሦስታችንም ወደነዋል፤ በዚህም ምክንያት አልወጣም» ከሚለው ማለፍ አቃተኝ። አንቺ ያለ ጥፋትሽ አትዘኚ። ቤቱ ከተዘጋም ተከባብረን ነው የዘጋነው ብዬ እጽናናለሁ።

እውነቱን ለመናገር አልጽናናም።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 1

ጋሼዬ!

እንዴት አደሩ? ይህን ደብዳቤ ጸሐፊዋ ለእርስዎ ብቻ እንድትሰጥ ነግሬያታለሁ፤ ለሌሎቹ ለየራሳቸው ጽፌያለሁ።

ትናንት በምሳ ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ገጻችሁን እያየሁ ጥፍሬን ስበላ ነበር። ሰባት ሰዓት አካባቢ ልቦለዱ ወጣ። «ያወጣው፦ ምክትል አዘጋጅ።» ከወንበሬ ተነሥቼ ጮህኩ። ተቀምጬ ሳልጨርስ እንደገና ወጣ። «ያወጣው፦ አራሚ።» ትንሽ ቆይቶ ለሦስተኛ ጊዜ ወጣ። የማን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። አንዱ ሌላው መጫኑን ሳያይ ነው የተጫነው፤ ሥርዓቱም ሦስቱንም ተቀብሎ ሦስት ጊዜ አወጣው።

ሦስታችሁም «ምሳ ልብላ» ብላችሁ መውጣታችሁን ጸሐፊዋ ነግራኛለች። ምክትልዎ ከቤታቸው ነው የተጫኑት። እትዬ ከጎረቤታቸው ባል ስልክ። እርስዎ ደግሞ በኋላ ደረጃ ተመልሰው መጥተው ጸሐፊዋን «ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙሪ» አሏት አሉ። «ጉልበታቸው እያቃሰተ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ» ብላኛለች።

መጽሔቱ ድኗል ጋሼ! አይቆለፍም።

ደስታዬ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የቆየው። ሦስታችሁም ገጹን አይታችሁ ኖሮ ሦስት መልእክት ተከታትሎ ደረሰኝ። የምክትልዎ፦ «የኔን ሰርዢው፣ የዋና አዘጋጁ ይቆይ።» የእትዬ፦ «እኔ ስሜን እንዳላይ፤ የልጆቹን ተዪው።» የእርስዎ፦ «የእኔ በስህተት ነው፤ የምክትሌ ይበቃል።» ሁላችሁንም ብታዘዝ ገጹ ባዶ ይሆንና በሩ ይቆለፍ ነበር!

ከዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ወደ አለቃዬ ሄድኩ። ስም የሚጽፈውን መስመር ማጥፋት እንደሚቻል፣ ያም ስህተት ሳይሆን የተፈቀደ አሠራር እንደሆነ አስረዳሁት። «እሱንማ አጥፊው፣ አጥፊውና ምሳዬን ልብላ፣ ቀኑን ሙሉ ጾሜን ነው የዋልኩት» አለኝ። ለካ እሱም ገጹን ሲጠብቅ ነበር።

አጥፍቼዋለሁ። ከሦስቱ ሁለቱን ሰርዤ አንዱን ትቻለሁ። የማን እንደቀረ ለማንም አልናገርም። ከእንግዲህም ማን እንደሚጫን ማንም አያይም፤ እኔም አላይም።

የእኅትዎ ልጅ

ታኅሣሥ ፰ ቀን፣ ሐሙስ

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ፤

ጤናሽንና ያንቺን ሁሉ ጤና እጠይቃለሁ። የአለቃሽንም ጨምሬ እጠይቃለሁ፤ ምሳ እንዳያሳልፍ ንገሪው።

«የመድኃኒት ቤቷ ሴት ምን አለች?» ላልሽው፣ መጣች። ነጭ ካፖርቷን እንደ ለበሰች ደረጃውን በሩጫ ወጥታ፣ ምንም ሳትናገር ሦስታችንንም እየዞረች ሳመችን። ለጉልበቴም ቅባት ሰጠችኝ። ይሸታል፤ ግን ይሠራል።

«በዚያ ማግሥት እንዴት ሆናችሁ?» ላልሽው፣ ሁላችንም ሥራ የበዛብን መሰልን። ምክትሌ ጋዜጣውን ገልብጦ ይዞ ሲያነብ ዋለ። እትዬ ስህተት የሌለበት ገጽ አረሙ። እኔ የመስኮቱን ወንበር ለመመለስ አስቤ ነበር፤ ሳየው ፀሐይ ጀርባውን እየሞቀው አሸልቦት ነበርና ተውሁት። ትናንት ደግሞ የመርከበኛውን ቀልድ ጀምሮ ከመካከል አቆመ። «ጨርሳት» አልሁት። «አታስቅም አላልክም?» «አታስቅም፤ ጨርሳት።»

ትናንት ረቡዕ ነበር። የዚህ ሳምንት ጽሑፍ በሦስታችን መካከል ሲዞር ዋለ። ማታ «ለባልደረባዬ ትቻለሁ» ብዬ ወደ ቤቴ ሄድሁ፤ ማን እንደሚጫናት ባላውቅም ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። ዛሬ ጠዋት ስንገባ ጽሑፉ ወጥቷል። ስም የለበትም።

ማን እንደ ሆነ አልጠይቅሽም፤ አንቺም እንዳታዪ። እኔ እንዳልሆንሁ ግን አውቃለሁ። ስለዚህ ምስጋናዬን እንደ ዱሮው በልቤ ይዤ መቀመጡ ከበደኝና ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ባርኔጣዬን አውልቄ ጮክ ብዬ «እግዜር ይስጥልኝ» አልሁ።

ሁለቱም ቀና ብለው በአንድ ቃል «ለምኑ?» አሉ።

አጎትሽ